የስፖርት መኪና ማርሚታ ድምፅ ከአገር አገር ለምን ይለያያል? (ደሴ ላይ ያለ ሱባሩ ኤስቲአይ)

የጦሳ ግርጌ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ከዱባይ ስለገባ የ2011 ሱባሩ ኤስቲአይ ነው። ሞተሩ 2.5 ሊትር ባለ ቱርቦ (በጭሱ ኃይል ዞሮ አየር ወደ ሞተሩ የሚያምቅ)፣ ማርሹ በእጅ ነው። አሁን ያለው ደሴ ነው። ባለቤቱ ሦስት ነገር ያነሳል። አንደኛ፣ ጃፓን ውስጥ በቪዲዮ የተቀረፀ የዚሁ መኪና ድምፅ ወጥና ለስላሳ ሲሆን የእሱ ግን «ዱብ ዱብ ዱብ» እያለ ይቆራረጣል። ሁለተኛ፣ ጠዋት ደሴ ላይ ድምፁ የላላ ይመስላል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ይሞላል፤ ባለቤቱ ይሄ የአየሩ ነው ይላል። ሦስተኛ፣ የኋላ ማርሚታዎቹ ወልቀው በቀጥታ አሳላፊዎች ከተተኩ ወዲህ በደቂቃ 2,500 ዙር አካባቢ ጋቢናው ውስጥ ጆሮ የሚደፍን እምምታ አለ።

የሚጠይቀን ካታሊስቱን (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ክፍል) ቆርጠን ቀጥታ ቧንቧ እንድንበይድለት ነው። ከመቁረጣችን በፊት የቱ የመኪናው ተፈጥሮ፣ የቱ የአየሩ፣ የቱ ብልሽት እንደሆነ እንዴት እንለይ? ስካነርና የብየዳ ማሽን አለን፤ የድምፅ መለኪያ የለንም።


ቦክሰር ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ካታሊስቱን አትንኩ። ከሦስቱ ቅሬታዎች አንዱም እሱን በመቁረጥ አይፈታም፤ ሦስተኛውን እንዲያውም ያባብሰዋል።

የመጀመሪያው የፋብሪካ ሥራ እንጂ ብልሽት አይደለም። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ሱባሩ ለጃፓን ገበያ በእጅ ማርሽ የሸጠው ኤስቲአይና ወደ ውጭ የላከው የተለያየ ሞተር ነው የያዙት። የጃፓኑ ኢጄ207፣ 2.0 ሊትር ነው፤ የውጭው ኢጄ257፣ 2.5 ሊትር። ለጆሮ ዋናው ልዩነት ግን ሊትሩ አይደለም፤ ከቴስታታ (ከሲሊንደሮቹ ክዳን) እስከ ቱርቦ ያለው ቧንቧ ነው።

ቦክሰር ሞተር (ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ የተጋደሙበት) ላይ 1 እና 3 ቁጥር ሲሊንደሮች በቀኝ፣ 2 እና 4 በግራ ናቸው። የማቀጣጠል ተራው 1-3-2-4 ስለሆነ ቀኙ ሁለቴ ይተኩሳል፤ ከዚያ ግራው ሁለቴ። ቱርቦው የተቀመጠው በቀኝ በኩል ወደ ኋላ ነው። በውጭው ሞዴል የግራው ጭስ በሞተሩ ሥር ተሻግሮ ነው ቀኝ የሚደርሰው፤ መንገዱ ረጅም ነው። ስለዚህ አራቱ ምት እኩል ተራርቀው አይደርሱም፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። «ዱብ ዱብ» የምትሉት ያ ነው። በጃፓኑ ግን የአራቱም ቧንቧ ርዝመት እኩል ነው፤ 1 ከ2፣ 3 ከ4 ጋር ተጣምረው እስከ ቱርቦው አፍ ሳይቀላቀሉ ይሄዳሉ፤ ቱርቦውም ሁለት መግቢያ አለው። ምቱ በእኩል ልዩነት ስለሚደርስ ድምፁ ወጥ ይሆናል።

በቁጥር ለማየት፣ 3,000 ዙር ላይ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በሴኮንድ 100 ጊዜ ይተኩሳል። ቧንቧው እኩል ከሆነ ጎልቶ የሚሰማው 100 ኸርዝና የእሱ ብዜት ነው። እኩል ካልሆነ 25፣ 50 እና 75 ኸርዝም አብረው ይነሳሉ። ያ ዝቅተኛ ድምፅ ነው ደረት ላይ የሚያርፈው።

ለማረጋገጥ የቱርቦውን ሙቀት መከላከያ ላሜራ አንሱና ከታች የሚመጣውን ቧንቧ እዩ። አንድ ቀዳዳ ያለው ከሆነ የውጭው ነው፤ ድምፁም እንደተፈጠረ ነው። እኩል ርዝመት ያለው ኮሌክተር (ከቴስታታው ጭሱን የሚሰበስብ ቧንቧ) ገዝቶ መግጠም ይቻላል፤ ግን ከኮምፒውተሩ ማስተካከያ ጋር ካልሄደ ገንዘብ ማባከን ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ተፈጥሯዊው ዱብ ዱብታ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ላይ ራሱን በእኩል ምት ይደጋግማል፣ ሞተሩም አይንቀጠቀጥም። ምቱ እየዘለለ ከመጣ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከሸተተ፣ ስካነሩም ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ካሉት ኮዶች አንዱን ካወጣ አንድ ሲሊንደር እየሳተ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ካንዴላና ኮይል ይታያል፣ ኮምፕረሽን ይለካል። ይህን ሞተር በተለይ በሲሊንደር 4 ቸል አትበሉት። የፒስተኑ የቀለበት ግድግዳ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚሰማው እንዲሁ የተቆራረጠ ድምፅ ነው።

ቪዲዮውንም እንደ ማስረጃ አትያዙት። ስልክ ሲቀርፅ ጮክ ያለውን ራሱ ይቀንሳል፣ ቀስ ያለውን ያነሳል፤ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን የስልኩ ድምፅ ማጉያ መልሶ ሊያሰማ አይችልም። 50 ኸርዝ ያለው የእናንተ መኪና በስልክ ላይ ቢቀረፅ ግማሽ ነፍሱ አይሰማም።


ባቲ መንገድ

የሁለተኛውን ቅሬታ እኔ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ የአየር ግፊቷ 75 ኪሎፓስካል ገደማ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ 81። ባቲ 1,500 አካባቢ፣ 84። ዱባይ ባሕር ጠርዝ ላይ ስለሆነች 101። ቱርቦ ያልተጫነበት ሞተር ደሴ ላይ የሚስበው አየር ዱባይ ላይ ከሚስበው ሦስት አራተኛው ነው። የሚወጣው ምትም በዚያው ልክ ይሳሳል። በድምፅ ስሌት ከዱባይ ደሴ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ቅናሽ ነው፤ ልብ ብሎ ላዳመጠ ይሰማል። ቅጥነትና ውፍረቱ ግን በከፍታ አይለወጥም፤ እሱን የሚወስነው የሞተሩ ዙር ነው።

አሁን ደሴንና ኮምቦልቻን አነጻጽሩ። ከ75 ወደ 81 ማለት በዴሲቤል 1 እንኳ አይሞላም። ሰው ጆሮ የማይለየው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ «ይሞላል» የሚለው በግልጽ የሚሰማ ለውጥ ከሆነ አየሩ ብቻውን ሊያመጣው አይችልም። ከመኪናው ላይ ፈልጉ።

የቱርቦውን ድርሻም አንርሳ። ኮምፒውተሩ ጠቅላላ ግፊቱን 200 ኪሎፓስካል ላይ ላድርስ ቢል፣ ዱባይ ላይ አየሩን ሁለት እጥፍ ማመቅ ይበቃዋል። ደሴ ላይ ለዚያው ግፊት 2.7 እጥፍ ማመቅ አለበት። ቱርቦው ከመጠን በላይ እንዳይሽከረከር ኮምፒውተሩ ግቡን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ዳገት ላይ ሙሉ ሲረገጥ ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ጠንከር ማለቱ እውነት ነው። ሚኒሞ ላይና በቀስታ ሲነዳ ግን ይህ አይሠራም።

የኔ ጥርጣሬ ሌላ ነው። «ጠዋት ደሴ ላይ» ብለሃል። ጠዋት ቧንቧው ቀዝቃዛ ነው፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ 25 ኪሎሜትር ያህል ተነድቷል። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ የላላ ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያ መሀል የሚገባ ማሸጊያ) ይዘጋል፤ የተሰነጠቀ ቧንቧ ይገጥማል። ጭስ ከቱርቦው በፊት ሲያፈተልክ ድምፁ ይላላል፣ «ጭክ ጭክ» የሚል ይጨመርበታል፣ ቱርቦውም ይዘገያል። የሚለየው ሙከራ ቀላል ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ አውጡትና ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ደሴ ላይ አዳምጡት። ሙሉ ድምፁን ይዞ ከደረሰ አየሩ ከክሱ ነፃ ነው።

የጠዋቱ ደሴ በራሱም ያታልላል። ከተማዋ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሀል ስለሆነች ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል። ያኔ ድምፅ ወደ ሰማይ ከመሄድ ታጥፎ ወደ መሬት ይመለሳልና ከሩቅ ይሰማል። አጠገቡ የቆመ ላላ ሲለው፣ ሸዋ በር ያለ ሰው ከወትሮው ጎልቶ ሊሰማው ይችላል። በተለያየ ቦታና ሰዓት የተሰማን ድምፅ በጆሮ አታነጻጽሩ።

መለኪያ ባይኖርም በስልክ መተግበሪያ መለካት ይቻላል፤ ቁጥሩ ትክክለኛ ባይሆን እንኳ ስልኩና አቀማመጡ አንድ እስከሆነ ድረስ ልዩነቱን ያሳያል። ሞተሩ ይሙቅ። ስልኩን ከማርሚታው አፍ 50 ሳንቲሜትር፣ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን፣ በአፉ ቁመት ልክ አድርጉ፤ ግን ከመሬት ከ20 ሳንቲሜትር አይውረድ። ዙሩን 3,750 ላይ ያዙና ልቀቁ። ይህ በዓለም አቀፉ ደንብ ቆሞ የሚለካበት መንገድ ነው፤ ከፍተኛ ጉልበቱን ከ5,000 በላይና ከ7,500 በታች ዙር ላይ ለሚሰጥ ሞተር የታዘዘው 3,750 ነው። የኤስቲአይ 6,000 ላይ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ይገባል። ግድግዳ በ3 ሜትር ውስጥ አይኑር።


የጦሳ ግርጌ

አላህ ይስጥልን። የተባለው ተደርጓል። የቱርቦው መግቢያ አንድ ቀዳዳ ነው፤ የሳተ ሲሊንደርም የለም። ከኮምቦልቻ ወጥቶ ሳይቀዘቅዝ ደሴ ላይ ሲለካ ከኮምቦልቻው ጋር አንድ ነው። በማግስቱ ማለዳ ሲነሳ ግን በቀኝ በኩል ጭክታ አለ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጠፋል። ላሜራው ሲነሳ ወደ ቱርቦ የሚወጣው ቧንቧ ከታች የሚገጥምበት ቦታ ላይ ጥቁር ጥላሸት አለ። ቧንቧው ራሱ ተሰንጥቆ እንደሆነና እንዳልሆነ በምን እንለይ? እምምታውስ?


ቦክሰር ኮምቦልቻ

እንግዲያው ተገኝቷል። የመኪና አቧራ መምጠጫ ማሽን ካላችሁ የሚነፋበትን ጎን በአንዱ የማርሚታ አፍ አስገቡ፤ የቀሩትን ሦስት አፎች በጨርቅ ድፈኑ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ከዚያ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና ውኃ እርጩ፤ አረፋ የሚነሳበት እሱ ነው። ኮምፕሬሰር አትጠቀሙ፤ ግፊቱ ስለሚበዛ ደህናውንም ያስከፍታል። ነፋሱ በቱርቦው አልፎ ስለሚመጣ ከቱርቦ በፊት ያለው ቦታ ላይ አረፋው ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ታገሡ።

አረፋው ከመገጣጠሚያው ከሆነ ጓርኒሲዮኑ ነው። በብዙ ድርብ ብረት የተሠራውን አዲሱን ግጠሙ፤ ሲሊኮን አትቀቡ፣ በዚያ ሙቀት ተቃጥሎ ቁርጥራጩ ቱርቦ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን ፊቶች በቀጥታ ማስመሪያ ለኩ፤ ከጎበጡ በመሞረጃ አስተካክሉ። ቡሎኖቹ ዝገው ከሆነ ሲሞቁ በዘይት አርሱ እንጂ አታስገድዱ፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ፕሪጅዮኔሩ (እሱ ላይ የተተከለው ቡሎን) ከተሰበረ ሥራው ሌላ ቀን ይወስዳል። አረፋው ከቧንቧው መሀል ከሆነ ግን አውጥቶ መለወጥ ነው። ብየዳ እዚያ ላይ አይቆይም፤ የብየዳ ፍንጣሪም መጨረሻው የቱርቦው ክንፍ ላይ ነው።

ካታሊስቱ የታፈነ መስሎ ካሰጋችሁ ሳትቆርጡ መለካት ይቻላል። ከቱርቦው በኋላና ከካታሊስቱ በፊት ባለ ቀዳዳ ላይ የግፊት ጌጅ እሰሩ። ሚኒሞ ላይ ከ10 ኪሎፓስካል፣ 2,500 ዙር ላይ ከ20 ካልበለጠ ጤነኛ ነው። ከቱርቦው በፊት ባለው የኦክስጅን ሴንሰር ቀዳዳ አትለኩ፤ እዚያ የምታነቡት ቱርቦውን የሚያዞረውን ግፊት ነው።

ለምን እንደምከላከልለት ልንገርህ። ከቱርቦ በኋላ ያለው መንገድ በድንገት ሲከፈት የዚህ ሞተር ዌስትጌት ትርፉን ጭስ ማስተንፈስ ያቅተዋል፤ የቱርቦው ግፊት ከተፈቀደለት አልፎ ይወጣል፤ ሞተሩ በሳሳ ድብልቅ ይነዳል፤ ፒስተኑ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ቤንዚን የሚጠቀም የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ከሌላ መኪና ፈትቶ የሚተካ ኦሪጅናል ዕቃ እያደር ይመናመናል። የወለቁትን የኋላ ማርሚታዎችም ባለቤቱ እንዳይጥላቸው ንገሩት።


ላሜራና ብየዳ፣ ሸዋ በር

እምምታውን እኔ ልያዘው።

መጀመሪያ መኪናውን አንሱና ቧንቧው አካሉን የሚነካበት ቦታ ፈልጉ። ቢያንስ 2 ሳንቲሜትር ክፍተት መኖር አለበት፤ ሲሞቅ ይረዝማልና። የማንጠልጠያ ላስቲኮቹ ተወጥረው ከተበየደ ቧንቧው የሚያወጣው ሁሉ በቀጥታ ወደ ወለሉ ይገባል። ግማሹ እምምታ እዚህ ላይ ያልቃል። ላስቲኩ ዘና ብሎ፣ ቧንቧው በእጅ ሲገፋ ተወዛውዞ መመለስ አለበት።

የቀረውን በጎን ቧንቧ ነው የምንገድለው። ከዋናው ቧንቧ ላይ ጎን ለጎን የሚበየድ፣ መጨረሻው የተደፈነ ቧንቧ ነው። ድምፁ ገብቶ ደፈናው ላይ ተመትቶ ሲመለስ ከዋናው ጋር ተቃራኒ ሆኖ ይደርስና ይጣፋሉ። ርዝመቱ የድምፅ ፍጥነት በአራት እጥፍ ኸርዝ ተካፍሎ ነው። 2,500 ዙር ላይ ምቱ 83 ኸርዝ ነው። በጎን ቧንቧው ውስጥ ያለው ጭስ ከዋናው ይቀዘቅዛልና ፍጥነቱን 400 ሜትር በሴኮንድ ያዙ። 400 ለ332 ሲካፈል 1.20 ሜትር ይሆናል። የእናንተ ሞተር ቧንቧው እኩል ስላልሆነ እምምታው በግማሹ በ42 ኸርዝ ሊሆንም ይችላል፤ ያኔ 2.40 ሜትር ስለሚጠይቅ ቦታ አይኖርም፣ ወደ ኦሪጅናል ማርሚታው መመለስ ይሻላል። የትኛው እንደሆነ በስልክ የድምፅ መተንተኛ መተግበሪያ ጋቢና ውስጥ እዩ፤ የስልክ ማይክ ዝቅተኛውን አሳንሶ ስለሚያሳይ 42 ላይ ትንሽ ጉብታ እንኳ ካያችሁ ቸል አትበሉት።

መጀመሪያ 1.30 አድርጋችሁ ሥሩ፤ ደፈናውን በብየዳ ሳይሆን በክላምፕ ግጠሙ። ነድታችሁ አዳምጡ፣ 2 ሳንቲሜትር እየቆረጣችሁ ሞክሩ። ቧንቧ ሲያጥር የሚያጠፋው ዙር ወደ ላይ ይሄዳል። ስፋቱ ከዋናው ጋር እኩል ይሁን፤ ወደ ሁለት ከመከፈሉ በፊት ባለው ክፍል ላይ ይግባ። ደፈናው ከመገናኛው ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ካልሆነ የደሴ ብርድ የሚያጤዘው ውኃ እዚያው ተኝቶ በአንድ ክረምት ይበላዋል።

ቧንቧ ስትመርጡ የውኃ ቧንቧ በምንም ዓይነት አትበይዱ። ልባሱ ዚንክ ነው፤ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል፣ ለሳንባም ጠንቅ ነው። 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ስቴንለስ ይበቃል። የማጠፊያ ማሽን ከሌለ ቧንቧውን በደረቅ አሸዋ ጠቅጥቃችሁ በእሳት እጠፉት፤ ባዶውን ብታጥፉት ይጨማደድና ጭሱን ያፍናል። አሸዋው ፍጹም ደረቅ ይሁን። እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ መክደኛውን እንደ ጥይት ይተኩሰዋል። ከመበየድ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፤ የማሽኑን መሬት ከሚበየደው ቦታ ቅርብ እሰሩ፤ የኦክስጅን ሴንሰሮቹን አውጡ።


ሐይቅ ዳር

በዚሁ አንድ ልጠይቅ። ከጀርመን የመጣ የ2019 ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ አለ። አሜሪካ ካለው ከዚያው መኪና ይልቅ የታፈነ ነው። ይሄስ ብልሽት ነው?


ቦክሰር ኮምቦልቻ

አይደለም፤ ይሄ የሕግ ድምፅ ነው። አውሮፓ ከመስከረም 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሚሸጡ አዳዲስ መኪናዎች ቤንዚንን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ሞተር በኪሎሜትር ከ600 ቢሊዮን በላይ ብናኝ እንዳይለቅ አስገደደች። አምራቾቹ ያን ለማሟላት ከካታሊስቱ ጋር የብናኝ ማጣሪያ ጨመሩ። እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ያለው ሴራሚክ ነው፤ ቀዳዳዎቹ በተራ በአንድ ጫፍ ስለተደፈኑ ጭሱ በግድግዳው ውስጥ ሠርጎ ነው የሚያልፈው። ሹሉን ድምፅ እዚያ ይበላዋል። አሜሪካ ያንን ደንብ ስላላወጣች ብዙዎቹ ሞዴሎች እዚያ ያለ ማጣሪያ ተሸጡ።

ሁለተኛው የአውሮፓ የድምፅ ደንብ ነው። መኪናው 20 ሜትሩን ተረግጦ ያልፋል፤ ማይኩ ፊት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎሜትር መሆን አለበት፤ ማይኩ ከመሀል መስመሩ 7.5 ሜትር ርቆ፣ 1.2 ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወሰኑ በሦስት ደረጃ እየወረደ ነው፤ ለተራው መኪና ከ72 ወደ 68፣ በጣም ኃይለኛና ዝቅ ላለው ከ75 ወደ 72 ዴሲቤል። ካሊፎርኒያ ግን ለተለወጠ ማርሚታ የምትጠይቀው ቆሞ በአጭር ርቀት ሲለካ ከ95 ዴሲቤል እንዳያልፍ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በተለያየ ርቀት የተለኩ ስለሆኑ እርስ በርስ አታወዳድሯቸው።

የጀርመኑን የምዝገባ ወረቀት ይዘህ ከሆነ ዩ.1፣ ዩ.2 እና ዩ.3 የሚሉ ሣጥኖች አሉ። ዩ.1 ቆሞ የተለካው ዴሲቤል፣ ዩ.2 የተለካበት ዙር፣ ዩ.3 በማለፍ የተለካው ነው። ከላይ በተነገረው በ50 ሳንቲሜትሩ መንገድ በዩ.2 ዙር ለካው፤ ከዩ.1 ብዙ ካልራቀ ማርሚታው እንደተወለደ ነው። ጋቢና ውስጥ የሚሰማህን ደግሞ ለብቻው እይ። በብዙ ጂቲአይ ላይ ከፊት መስታወቱ ሥር የተገጠመ፣ ኮምፒውተሩ የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ ፈጣሪ አለ፤ እሱ ከማርሚታው ጋር ግንኙነት የለውም። ሶኬቱ ሲነቀል ውስጡ ጸጥ ይላል፣ ውጭው አይለወጥም።

ማጣሪያውን አታውጣ፤ ግን ተንከባከበው። ጥላሸቱን የሚያቃጥለው 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስና ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። ፒያሳ ላይ በአጭር በአጭሩ ብቻ ከተነዳ አይደርስም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ዳገት በደንብ ያግለዋል፤ መሀል ላይ እግር ሲነሳ ቤንዚኑ ይቋረጥና ንጹሕ አየር ያልፋል፣ ጥላሸቱም ይቃጠላል። የማይቃጠለው ከዘይት የሚመጣው አመድ ነው፤ ስለዚህ ዘይቱ ቆርቆሮው ላይ የቮልስዋገን 504 00 ወይም 508 00 የሚል ማረጋገጫ የተጻፈበት ይሁን።